የከተማ ፋይናንስ ሙያ ወዴት ያደርሳል? ከደብረ ማርቆስ ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ከደብረ ማርቆስ የቀረበ ነው። ጠያቂዋ በአካውንቲንግ ተመርቀው በአንድ ከተማ አስተዳደር የገቢ ሥራ ላይ አራት ዓመት ያገለገሉ ሲሆን እንዲህ ይላሉ፦ «አብረውኝ የተመረቁት ባንክ ገብተው ደመወዛቸው ከእኔ በብዙ ይበልጣል። የእኔ ውሎ ከውዝፍ ዝርዝርና ከደረሰኝ ጋር ነው። የከተማ ፋይናንስ የዕድሜ ልክ ሙያ ይሆናል? ሁለተኛ ዲግሪዬን በሕዝብ ፖሊሲ ብማር ይሻላል ወይስ በሒሳብ ሙያ ልግፋ? በዚህ መስክ ‹ኤክስፐርት› የሚባሉት ሰዎችስ ከየት ተነሥተው የት ይደርሳሉ?»

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሴ አዎን ነው፤ የዕድሜ ልክ ሙያ ይሆናል። እኔ ሥራ የጀመርሁት የአማራ ክልል ጥቅል በጀትን፣ ማለትም ወረዳው ራሱ በየሥራው የሚደለድለውን ድጎማ፣ በቀመር ለወረዳዎች ማከፋፈል በጀመረበት በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያን ጊዜ አንሥቶ በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም ከተሞች በገንዘብና በገቢ ሥራ፣ በኋላም በአማካሪነት ቆይቻለሁ። ነገር ግን ሙያው በክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ ላይ ከሚጻፈው ጋር አንድ አለመሆኑን አስቀድሜ ልንገርዎ። ማስታወቂያው የሚፈልገው ሒሳብ የሚመዘግብ፣ ግብር የሚያስከፍል ወይም በጀት የሚያዘጋጅ ሰው ነው። ከተማው የሚያስፈልገው ግን ምክር ቤቱ ሲወስንበት፣ ኦዲተሩ ሲመረምረውና ከፋዩ ነጋዴ ሲሰማው ሦስቱም የሚያምኑትን ቁጥር የሚያመጣ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ባለሙያ በከተሞቻችን ጥቂት ነው፤ የሙያው ዋጋም የሚመነጨው ከዚሁ እጥረት ነው።

እርስዎ ፋይናንስንና ፖሊሲን እንደ ሁለት መንገድ አድርገው አቅርበዋቸዋል። በከተማ ደረጃ ሁለቱን መለየት አይቻልም፤ ይህን ለማየት በየቀኑ የሚከፍቱትን የሒሳብ መዝገብ መመልከት ይበቃል። ከተማ አስተዳደር ሁለት ከረጢት አለው። አንደኛው ትምህርትን፣ ጤናንና የመሳሰሉትን የመንግሥት አገልግሎቶች የሚሸፍን ሲሆን በአብዛኛው ከክልሉ በሚመጣ ጥቅል በጀት ይሞላል። ሁለተኛው ማዘጋጃ ቤታዊ የሚባለው ነው፤ የውስጥ ለውስጥ መንገዱ፣ የጎርፍ ማስወገጃ ቦዩ፣ የደረቅ ቆሻሻው፣ የገበያ ቦታው፣ የቄራውና የመንገድ መብራቱ ወጪ ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ይወጣል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 96፣ 97 እና 98 የግብር ሥልጣንን ሲያከፋፍል የጠቀሰው የፌዴራል መንግሥቱንና ክልሎችን ነው፤ እንደ ደብረ ማርቆስ ወይም እንደ ፍኖተ ሰላም ያለ ከተማ በዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ከተማው የሚያስከፍለው ሁሉ ክልሉ በሚያወጣው ሕግ የተሰጠው ነው። ስለዚህ የቄራው የአገልግሎት ክፍያ የሥጋ ዋጋ በስንት እጥፍ እስኪጨምር ድረስ ሳይሻሻል ለምን እንደቆየ የሚያስብ የገቢ ሠራተኛ፣ ታሪፉን የሚያጠናው ማን እንደሆነ፣ የሚያጸድቀው ማን እንደሆነ፣ ቢጨምር የሚጎዳው ማን እንደሆነ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ የፖሊሲ ሥራ ጀምሯል፤ ያልተማረው ስሙን ብቻ ነው።

ከሁሉም በላይ ጠንቅቀው ሊያውቁት የሚገባ የሊዝ ገቢን ባሕርይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 እንደተደነገገው የጨረታ አሸናፊ ከጠቅላላው የሊዝ ዋጋ ቢያንስ 10 በመቶውን አስቀድሞ ይከፍላል፤ ቀሪውን በየዓመቱ እየከፈለ ይጨርሳል፤ የመኖሪያ ቤት ቦታ የሊዝ ዘመንም 99 ዓመት ነው። ጨረታ በወጣበት ዓመት ካዝናው ይሞላል፣ ባልወጣበት ዓመት ይጎድላል። ቦታው ግን አንድ ጊዜ ከተላለፈ የዚያ ትውልድ ከተማ መልሶ ሊያስተላልፈው አይችልም። እንበልና አንድ ከተማ ከሰበሰበው 100 ብር ውስጥ 60ው ከሊዝ የተገኘ ቢሆን፣ ከዚያ ከሊዙ 60 ብር ላይም 40ውን ለደመወዝ፣ ለነዳጅና ለውሎ አበል ቢያውለው፣ በመዝገቡ ላይ አንዳች ጉድለት አይታይም፤ ገቢና ወጪው ይመጣጠናል፣ ኦዲተሩም ደረሰኙን አይቶ ያልፋል። እየተበላ ያለው ግን ዘር ነው። ጎጃም ውስጥ ከገበሬ ቤት ለወጣ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም፤ ዘሩን ፈጭቶ የበላ ቤተሰብ ችግሩ የሚታወቀው ማረሻው ሲወርድ ነው። ከተማም ደመወዝን በሊዝ መክፈል ከለመደ፣ ቦታ ሲያልቅበት ወይም ገበያው ሲቀዘቅዝ የሚከፍለው ያጣል።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥቼ አይደለም። ሥራ በጀመርሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ ስሟን በማልጠቅሳት አንዲት ከተማ፣ የዓመቱን የማዘጋጃ ቤታዊ ገቢ ትንበያ እንዳዘጋጅ ታዘዝሁ። ካለፉት ሦስት ዓመታት ክንውን ተነሥቼ ያወጣሁት ቁጥር ለታቀደው የጎርፍ ማስወገጃ ቦይ አይበቃም ነበር። «የሊዝ ጨረታ ሊወጣ ስለሆነ እሱን ጨምርበት» ተባልሁ። ጨረታው ቀን እንኳ አልተቆረጠለትም፤ እኔ ግን ጨመርሁና ፈረምሁ። ጨረታው በዚያ ዓመት ሳይወጣ ቀረ። ተቋራጩ እስከ የካቲት ድረስ ቆፍሮ ክፍያ ሲያጣ መሣሪያውን ጭኖ ሄደ። ክረምት ሲገባ በግማሽ የተቆፈረው ቦይ የላይኛውን ሰፈር ውኃ ሁሉ እየሰበሰበ በታችኛው ሰፈር ቤቶች ላይ ለቀቀው። ጠላ ጠምቀው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ አንዲት እናት ብቅላቸውና ጌሾአቸው በጭቃ ተለውሶ ጋናቸው ተገልብጦ በር ላይ ቆመው አየኋቸው። እኔ የጻፍሁት ቁጥር እዚያ ቤት ድረስ እንደሄደ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ወዲህ በማዘጋጀው ትንበያ ሁሉ በእያንዳንዱ የገቢ ርእስ ሥር ቁጥሩ ከምን እንደተነሣ በአንድ ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ፤ ቀን ያልተቆረጠለት ጨረታም በተለየ መስመር ተቀምጦ፣ ገንዘቡ ባንክ ሳይገባ ውል እንዳይፈረምበት ማሳሰቢያ አያይዛለሁ። ይህ ልማድ በአንድ ወቅት የቡድን መሪነት ዕድገት አሳጥቶኛል፤ ነገር ግን በኋላ ሥራ ያስገኘልኝ ስም ከዚሁ የመጣ ነው።

ችግሩ የእኛ ከተሞች ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1975 ኒው ዮርክ ዕዳዋን መክፈል ተስኗት ከውድቀት አፋፍ የደረሰችው፣ ለዓመታት እንደ ደመወዝ ያለውን መደበኛ ወጪዋን ለግንባታ በሚያዘው በካፒታል በጀት ውስጥ እያስገባችና በአጭር ጊዜ ብድር እየሸፈነች በመቆየቷ ነበር። የገንዘብ ምንጩ ከሊዝ ይለያል፤ ስሕተቱ ግን አንድ ነው፣ የማይደገምን ገቢ በየዓመቱ ለሚደገም ወጪ ማዋል። ስለ ሰዎቹ ጉዞ ለጠየቁትም የዋሽንግተን ከተማ ታሪክ ጥሩ ማሳያ ነው። ከተማዋ በጉድለት ስትዘፈቅ እ.ኤ.አ. በ1995 የፋይናንስ ተቆጣጣሪ ቦርድ ተቋቋመላት፤ በዚያው ዓመት አንቶኒ ዊሊያምስ የከተማዋ የፋይናንስ ዋና ኃላፊ ሆኖ ተሾመ፣ ሒሳቧን ከጉድለት አወጣ፣ ከ1999 እስከ 2007 ድረስም ከንቲባዋ ሆኖ አገለገለ። የተቆጣጣሪ ቦርዱን ከ1998 እስከ 2001 የመራችው አሊስ ሪቭሊን ደግሞ ኢኮኖሚስት ነበረች፤ ቀደም ሲል የአሜሪካ ኮንግረስ የበጀት ጽሕፈት ቤት የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር ነበረች። አንዱ ከሒሳቡ ተነሥቶ ወደ ፖሊሲ ወጣ፣ ሌላዋ ከፖሊሲ ተነሥታ ወደ ከተማ ሒሳብ ወረደች፤ የተገናኙትም በአንድ ከተማ መዝገብ ላይ ነው።

ከእኛው አገር ለመጥቀስ ያህል፣ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን አስባለሁ። የአገራችንን የኢኮኖሚ ድክመት ከቀደምቶቹ ሁሉ አጥርተው የጻፉት እኚህ ሰው የድሬዳዋ ነጋድራስ፣ ማለትም የጉምሩክ ሹም ነበሩ፤ በ1911 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው አረፉ። ስለ ቀረጥ ጉዳት የጻፉት ቀረጡ በሚሰበሰብበት በር ላይ ቆመው ያዩትን ነው። በ1980ዎቹ ደግሞ የክልሎች የገንዘብ ሥልጣን ጉዳይ ገና ሲነሣ፣ ፕሮፌሰር እሸቱ ጮሌ በዩኒቨርሲቲ ሆነው የክልሎች ገቢና ወጪ አለመመጣጠንን አጥንተዋል። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል፣ ለጀማሪ የምመክረው የነጋድራሱን መንገድ ነው።

በጎጃም ለሚሠራ ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ይህንንም ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ የሚመጡ አማካሪዎች ብዙ ጊዜ ሲዘነጉት አያለሁ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ የጎጃም ገበሬ ተነሣ፤ ሞጣና ዳሞት ከአመፁ ማዕከሎች መካከል ነበሩ። የገበሬው ሥጋት ከግብሩ መጠን ይልቅ በልኬቱ ላይ ነበር፤ ቃላድ፣ ማለትም የመሬት መለኪያ ገመድ፣ ያረፈበት ርስት ይነጠቃል ብሎ ፈራ። መንግሥት ጦር ቢልክም በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴን ለማንሣት ተገደደ፤ አዋጁም በጎጃም እንደታሰበው ሳይፈጸም ቀረ። ያን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎች ዛሬም በየከተማችን አሉ፤ ያላዩትም ከአባታቸው ሰምተዋል። ሜትር ይዞ ወደ አንድ ግቢ የሚገባ የከተማ ሠራተኛ «የምትለኩት ለምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ጥያቄው ከዚያ ታሪክ ጋር የተያያዘ መሆኑን ማወቅ አለበት። «መመሪያ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው በሩን ራሱ ዘጋው። የሚለካው ምን እንደሆነ፣ ይዞታው እንደማይነካ፣ ገንዘቡ በየትኛው መንገድ ላይ እንደሚውል በእድሩ ስብሰባ ላይ አስቀድሞ ያስረዳ ሰው ግን ሥራውን በሰላም ይጨርሳል። ይህ የሕዝብ ግንኙነት ሥራ አይደለም፤ የከተማ ፋይናንስ ሥራ ዋናው ክፍል ነው።

ነገሩ አሁን ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። ለአርባ ዘጠኝ ዓመታት ያህል የከተማ ቤትና ቦታ የሚገበርበት ሕግ በመሠረቱ አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነበር፤ በዚያ ዘመን የወጣው ተመን ከዛሬው የቤት ዋጋ ጋር አይገናኝም። በጥር 2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የንብረት ታክስ አዋጅ አጽድቋል፤ የታሰበውም ከተሞች ወጪያቸውን በራሳቸው ገቢ እንዲሸፍኑ ነው። አዋጁ መሬት ሲወርድ ከሁሉ በፊት የሚጎድለው የንብረት ገማች ነው። የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን በዚህ ችግር ውስጥ እያለች እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ የነጥብ አሠራርን ተግባራዊ አድርጋለች፤ የእያንዳንዱን ቤት የገበያ ዋጋ ለመገመት ከመድከም ይልቅ ከውጭ የሚታየውን፣ ማለትም ስፋቱን፣ ጣሪያውን፣ ግድግዳውንና የሚያደርሰውን መንገድ እየተመለከቱ ነጥብ መስጠት ነው። ጥቅሙ ከፋዩ ራሱ ቆጥሮ ሊያረጋግጠው መቻሉ ነው። ለቡሬ፣ ለደንበጫ ወይም ለቢቸና ያህል ከተማ ይህ ዓይነቱ አሠራር ከውስብስብ ግምት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ውድ ሰፈር ውስጥ ያለች አሮጌ የጭቃ ቤት በነጥቡ ዝቅ ትላለች፣ የቦታው ዋጋ ግን ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። ይህን ክርክር በቁጥር አስደግፎ ለምክር ቤት ማቅረብ የሚችል ሰው ዛሬ በአካባቢያችን በእጅጉ ያስፈልጋል፤ እርስዎ የውዝፍ ዝርዝሩን የሚያውቁ በመሆንዎ ከማንም ይቀድማሉ።

አሁን ወደ ደረጃዎቹ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አልፈልግም። በከተማው ውስጥ ከጀማሪ ባለሙያ ወደ ከፍተኛ ባለሙያ፣ ከዚያም ወደ ቡድን መሪነት ይደርሳሉ። ከዚያ በላይ ያለው የኃላፊነት ቦታ በሹመት የሚሰጥ በመሆኑ፣ የሙያ ብቃት ብቻውን እንደማያደርስዎ ከወዲሁ ቢያውቁት ቅሬታ አይገባዎትም። ሌላው መንገድ ኦዲት ነው፤ ጥብቅ ትምህርት ቤት ስለሆነ ቢያንስ ሁለት ዓመት ቢያሳልፉበት እወዳለሁ። ሦስተኛው ባሕር ዳር የሚገኙት የክልል ቢሮዎች ናቸው፤ እዚያ የብዙ ከተሞችን ሒሳብ ጎን ለጎን የማየት ዕድል ይገኛል።

አራተኛው፣ በእኔ ዕድሜ ብዙ ባለሙያ ያፈራው፣ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተካሄዱት የከተማ ፕሮግራሞች ናቸው። የመጀመሪያው በ2000 ዓ.ም. ገደማ በ19 ከተሞች ተጀመረ፤ ሁለተኛው ወደ 44 ከተሞች ሰፋ፤ ቀጥሎ የመጣው የከተሞች ተቋማዊና መሠረተ ልማት ፕሮግራም 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር። የእነዚህ ፕሮግራሞች ቁም ነገር ገንዘቡ በዓመታዊ የአፈጻጸም ምዘና መለቀቁ ነበር፤ የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ፣ የገቢ ማሻሻያ ዕቅድ፣ የሀብት አስተዳደር ዕቅድና በወቅቱ የተዘጋ፣ ኦዲት የተደረገ ሒሳብ የሌለው ከተማ ይቀጣ ነበር። በዚህ ምክንያት ቀድሞ «የወረቀት ሥራ» ይባል የነበረውን የካፒታል ኢንቨስትመንት ዕቅድ በትክክል መሥራት የሚችል ሰው በአንድ ጊዜ ተፈላጊ ሆነ። ከእነዚያ መካከል ዛሬ የፌዴራል ተቋማትን የሚያማክሩ፣ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩና የራሳቸውን የማማከር ድርጅት የከፈቱ አሉ። የአብዛኞቹ መነሻ ልክ እንደ እርስዎ የገቢ ወይም የሒሳብ ጠረጴዛ ነበር።

ስለ ደመወዙ እውነቱን ልንገርዎ። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከባንክ ጋር አይወዳደርም፤ በመጀመሪያዎቹ ስምንትና አሥር ዓመታት ልዩነቱ እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አይሄድም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የተቀሰቀሰው ግጭት ደግሞ የከተሞችን ገቢና የሠራተኛውን ኑሮ ይበልጥ አክብዶታል። ቤተሰብ የሚጦሩ ከሆነና ደመወዙ የማይበቃዎት ከሆነ ወደ ባንክ ቢሄዱ ማንም ሊወቅስዎ አይገባም። የሚቆዩ ከሆነ ግን ማታ የሚሠራ የግል ሒሳብ ሥራ እየያዙ ዋናውን ሥራ አያድክሙት፤ ብዙ ጎበዝ ባልደረቦቼ የጠፉት ባንክ በመግባት ሳይሆን በዚህ ነው።

ሁለተኛ ዲግሪን በተመለከተ፣ አሁን ወዲያው አይጀምሩ እላለሁ፤ ሲጀምሩም በፖሊሲ ወይም በከተማ አስተዳደር ይሁን። የሒሳቡን መሠረት ይዘዋል፤ የሚጎድልዎት ሕጉን፣ የመሬት አስተዳደሩንና የግመታ ጥበቡን ማወቅ ነው። በአዲስ አበባ የሚገኘው የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲ ከመነሻው የመንግሥት ሠራተኛን ለማብቃት የተቋቋመ ሲሆን በከተማ ልማት ዘርፍ ያስተምራል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የመሬት አስተዳደር ተቋምም ቅርብዎ ነው። ከዚሁ ጎን የሒሳብ ሙያውን መልቀቅ የለብዎትም። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣና የኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ከተቋቋመ ወዲህ የመንግሥት ዘርፉም ኢፕሳስ ወደሚባሉት ዓለም አቀፍ የሒሳብ አያያዝ ደረጃዎች እንዲሸጋገር እየተሠራ ነው። የለመድነው የተሻሻለ የጥሬ ገንዘብ አያያዝ የከተማውን መንገድ፣ ሕንፃና ቦይ እንደ ሀብት አያሳይም፤ ገንዘቡ ወጥቶ ተዘጋ ይላል እንጂ የጌጠኛ ድንጋዩ መንገድ በየዓመቱ ስንት እንደሚያረጅና ለጥገናው ስንት መያዝ እንዳለበት አይናገርም። ሽግግሩ ሲመጣ የከተማን ሀብት ቆጥሮ፣ ገምቶ መዝገብ ላይ የሚያሰፍር ሰው ይፈለጋል፤ ይህን ደግሞ የሕዝብ ፖሊሲ ብቻ የተማረ ሰው አይችለውም።

ከዚያ በፊት ግን በያዙት ወንበር ላይ ሆነው አንድ ሥራ እንዲሠሩ እጠይቅዎታለሁ። አንድ የገቢ ርእስ ብቻ ይምረጡ፤ የገበያ ቦታ ሱቆችና መደቦች ኪራይ ቢሆን እመርጣለሁ። በመዝገብ ላይ ስንት እንዳሉ፣ በማን ስም እንዳሉ፣ ኪራያቸው ስንት እንደሆነና በየትኛው ዓመት እንደተተመነ ያውጡ። ቀጥሎ በገበያ ቀን በእግርዎ ዞረው በዓይንዎ ይቁጠሩ፤ በእያንዳንዱ ሱቅ ውስጥ አሁን የሚነግደው ሰው በመዝገቡ ላይ ያለው ተከራይ መሆን አለመሆኑን፣ ካልሆነም ለዋናው ተከራይ ስንት እንደሚከፍል በጨዋታ መሐል ይጠይቁ። ማንንም ለማስከሰስ እንዳልሆነ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ የነጋዴዎቹንም ስም አይጻፉ። በሁለቱ ዝርዝሮች መካከል የሚያገኙት ልዩነት ከተማው በየዓመቱ የሚያጣው ገንዘብ ነው፤ ለምን እንደሚያጣው፣ ታሪፉን ማን እንደሚያጸድቅ፣ ቢሻሻል ከሦስተኛ ሰው ተከራይቶ የሚነግደው ድሃ ይጠቀም ወይስ ይጎዳ እንደሆነ የሚያብራሩ አምስት ገጾች ይጻፉበት። እነዚያን አምስት ገጾች ለክፍልዎ ኃላፊ በጽሑፍ ያቅርቡ፤ አንዱን ቅጂ ያስቀሩ። የሁለተኛ ዲግሪ ማመልከቻ በሚሞሉበት ቀን የጥናት ሐሳብ ሲጠየቁ የሚያስገቡት እሱን ነው።